ሁለት ገቢ በአንድ ጣሪያ

ጃንዋሪ አልፎ ፌብሩወሪ ሲገባ በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሐበሻ ታክስ ሠሪዎች ዘንድ ባዶ ወንበር አይገኝም። ባልና ሚስት የየመሥሪያ ቤታቸውን ደብሊው ቱ (የዓመት ደመወዝ ማስረጃ) በፖስታ ይዘው ይመጣሉ። ቤት የገዙት ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ያስቀየሩትን መስኮት ወይም ጣሪያ ላይ ያሠሩትን ሶላር ደረሰኝ ይጨምሩ ነበር። ታክስ ሠሪው ቀድሞ የሚጠይቃቸው “አንድ ላይ ልሙላላችሁ ወይስ ለየብቻ?” ብሎ ነው። አገር ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም። የኢትዮጵያ የገቢ ግብር የሚያየው ሰውየውን እንጂ ትዳሩን አይደለም፤ የእሱም የእሷም ከየደመወዛቸው ተቆርጦ ያልቃል። አሜሪካ ውስጥ ግን ከዚህች አጭር ጥያቄ ጀርባ መቶ ዓመት ያለፈው ሙግት አለ።

የፌዴራሉ የገቢ ግብር በ1913 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲጀመር ብዙ ሰው አልነካም። ያላገባ 3,000 ዶላር፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር የሚኖር ደግሞ 4,000 ዶላር እስኪደርስ ድረስ ነፃ ነበር። መነሻውም 1 በመቶ ብቻ ነው። ሆኖም ገቢ ባደገ ቁጥር መቶኛው ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን በሚያገኘው ብዙ ገንዘብ ላይ የሚከፍለው፣ ያንኑ ገንዘብ ሁለት ሰዎች እኩል ተካፍለው ከሚከፍሉት ይበልጣል። ደህና ገቢ ያላቸው ባሎች ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ጋይ ኧርል የተባለ የካሊፎርኒያ ጠበቃ ከሚስቱ ጋር የሚያገኙትን ሁሉ እኩል ለመካፈል የተዋዋለው ገና በ1901 ነበር። የገቢ ግብሩ ሊመጣ 12 ዓመት ሲቀረው ነውና ከግብር ለማምለጥ የተደረገ ውል ነው ሊባል አይችልም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1930 ሲወሰን ግን ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ፍሬው ካፈራው ዛፍ ተነጥሎ በሌላ ዛፍ ስም አይቆጠርም ብለው ፈረዱ። ደመወዙን የሠራው ባልየው ነው፤ ግብሩንም የሚከፍለው እሱ ነው።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ያው ፍርድ ቤት ለሌላ ባል ተቃራኒውን ወሰነ። ሲቦርን የተባለው የዋሽንግተን ግዛት ነዋሪ በ1927 ገቢያቸውን እሱና ሚስቱ ግማሽ በግማሽ አድርገው ለየብቻ አስታውቀው ነበር። ይህ ተፈቀደላቸው። ምክንያቱ የግዛቲቱ ሕግ ነው፦ በትዳር ውስጥ የተገኘ ሁሉ ከመነሻው የሁለቱ የጋራ ሀብት ነው ይላል። ከስፔንና ከፈረንሳይ የወረደው ይህ ሥርዓት ቴክሳስን ጨምሮ በስምንት ግዛቶች ይሠራ ነበር። የተቀሩት አርባ ግዛቶች ባልና ሚስቶች፣ ገቢያቸው እኩል ሆኖ ሳለ፣ ግዛታቸው በዚያ ባለመሆኑ ብቻ ይበልጥ ከፈሉ።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግብሩን ከሀብታም አውርዶ በሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ ላይ ሲጥለው ቁጣው ገነፈለ። ኦክላሆማ፣ ኦሪጎን፣ ሚሺገን፣ ነብራስካ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ያኔ ገና ግዛት ያልሆነችው ሃዋይም ሳትቀር፣ የኖሩበትን የትዳር ሀብት ሕግ ለግብር ሲሉ ቀየሩ። የፔንሲልቬኒያው በራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወዲያው ተሻረ። ኮንግረስ በ1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን ያልተቀበሉትን ሕግ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጽድቆ ሽሚያውን አበቃው፦ ማንኛውም ባልና ሚስት አንድ ላይ ከሞሉ፣ ገንዘቡን ያመጣው ማንም ይሁን ማን፣ ገቢው ለሁለት እንደተካፈለ ይቆጠራል።

በግዛቶች መካከል የነበረው አድልዎ ቀረ። ዋጋውን የከፈሉት ግን በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ይህ ሲነገር የሚሰማው ጥቂት ነው። ልጅ ወልዳ ወደ ሥራ የተመለሰች ሚስት የምታገኘው የመጀመሪያው ዶላር በባልየው ደመወዝ ላይ ይደረባል፤ ስለዚህ ግብሩ የሚጀምርባት ከታች ሳይሆን የእሱ ካቆመበት ነው። ለሕፃናት ማቆያ የሚከፈለው ሲጨመርበት ሥራው አያዋጣም ብላ ቤት የቀረችውን ማንም አልቆጠራትም።

ከባለትዳሮች ይበልጥ ይከፍሉ የነበሩት ላጤዎችም ዝም አላሉም። በ1969 የወጣው ሕግ የእነሱን ጫና ሲያቃልል ሌላ ጉድ መጣ፦ እኩል ደመወዝ ያላቸው ሁለት ሰዎች ሲጋቡ ግብራቸው ጨመረ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንድ የሜሪላንድ ባልና ሚስት በ1975 መጨረሻ ሄይቲ ሄደው ተፋቱና በጃንዋሪ ተመልሰው ተጋቡ። በቀጣዩ ዓመትም በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ደገሙት። የታክስ ፍርድ ቤት ፍቺውን አልተቀበለውም።

አንድ ላይ መሙላት ሌላም ሸክም አለው። ከ1938 ጀምሮ በጋራ ቅጹ ላይ የፈረመ ሁሉ ለዕዳው በሙሉ ተጠያቂ ነው። ባሏ ምን ደብቆ እንዳስሞላ ሳታውቅ የፈረመች ሚስት ከተፋታች በኋላም ደብዳቤ ሊደርሳት ይችላል። ኮንግረስ ለእንዲህ ዓይነቷ መውጫ ያበጀው በ1971 ነው፤ በ1998 አሰፋው። ለየብቻ መሙላት ከዚህ ያድናል፤ በምላሹ ከታክስ ላይ የሚቀነሰውን የትምህርት ክሬዲት የመሳሰሉ ጥቅሞችን ያስቀራል።

የመስኮቱና የሶላሩ ደረሰኝ ወደዚህ ቅጽ የገባው በነዳጅ ችግር ዘመን ነው። ፕሬዚዳንት ካርተር በኖቬምበር 1978 በፈረሙት ሕግ ቤቱን ከብርድ ያሳሸገ ሰው ካወጣው የመጀመሪያ 2,000 ዶላር 15 በመቶው፣ ቢበዛ 300 ዶላር፣ ከታክሱ ተቀነሰለት። ለሶላር እስከ 2,200 ዶላር ተፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ ካርተር በዋይት ሃውስ ጣሪያ ላይ 32 የውኃ ማሞቂያ ሰሌዳዎች አሰቀሉ። ክሬዲቱ በ1985 ማብቂያ ቆመ፤ ሰሌዳዎቹም በፕሬዚዳንት ሬገን ጊዜ በ1986 ወረዱ። ኋላ ሜይን ግዛት የሚገኘው ዩኒቲ ኮሌጅ ወስዶ ለመመገቢያ አዳራሹ ውኃ አሞቀባቸው።

በ2005 ክሬዲቱ ተመለሰ፤ በ2022 ደግሞ ሰፋ። ለመስኮት፣ ለበርና ለኢንሱሌሽን በዓመት እስከ 1,200 ዶላር፣ ለሂት ፓምፕ እስከ 2,000 ዶላር፣ ለሶላር ያለ ገደብ የወጪው 30 በመቶ ሆነ። ሁሉም ይቀነስ የነበረው ካለ ታክስ ላይ ብቻ ነው፤ ታክስ ከሌለ በእጅ አይሰጥም ነበር። አንድ ላይ የሞሉ ባልና ሚስት በሁለቱም ታክስ ላይ ያወራርዱት ነበር። ለየብቻ ከሞሉ ግን ሶላሩን ከፍላ ያስተከለችው ሚስት ታክሷ ትንሽ ከሆነ፣ የባሏ ታክስ እዚያው አጠገቧ እያለ የክሬዲቷ ትርፍ በዚያ ዓመት ሳይሠራላት ያድር ነበር።

በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ የመስኮቱንም የሶላሩንም ክሬዲት በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 ዘጋቸው። ያልተጠቀሙበት የሶላር ክሬዲት ወደ ቀጣዩ ዓመት ሲተላለፍ፣ የመስኮቱ ትርፍ ግን በዚያው ይቀራል።