ሬይ ቶምሊንሰን

ሬይመንድ ሳሙኤል ቶምሊንሰን (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1941 – ማርች 5 ቀን 2016) አሜሪካዊ የኮምፒውተር መሐንዲስ ነበር። በተለያዩ ኮምፒውተሮች መካከል በኔትወርክ መልእክት የሚልክ የኢሜይል ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራውና የ@ ምልክትን በኢሜይል አድራሻ ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በኒው ዮርክ ግዛት፣ አምስተርዳም በምትባል ከተማ ነው። በሬንሴለር ፖሊቴክኒክ ተቋም የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሮ በ1963 ተመረቀ፤ በ1965 ደግሞ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ በሚገኘው ቢ.ቢ.ኤን. ኩባንያ ተቀጠረ። ኩባንያው ለኢንተርኔት መነሻ የሆነውን አርፓኔት የተባለ መረብ በመገንባት ይታወቃል።

የኢሜይል አጀማመር

ቶምሊንሰን «ኢሜይልን የፈጠረ» ቢባልም አባባሉ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድን ትልቅ ኮምፒውተር በጋራ የሚጠቀሙ ሰዎች ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚያው ማሽን ላይ አንዱ ለሌላው መልእክት ይተው ነበር። መልእክቱ ግን ከማሽኑ አይወጣም። በቢ.ቢ.ኤን. ሁለት ፕሮግራሞች ነበሩ፦ አንዱ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ መልእክት የሚያስቀምጥ፣ ሌላው ደግሞ ፋይልን በአርፓኔት ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚያሻግር። ቶምሊንሰን በ1971 ሁለቱን አዋሐዳቸው። ሥራው በአለቃ የታዘዘ ሳይሆን በራሱ ተነሳሽነት የሞከረው ነበር።

የመጀመሪያው መልእክት የተላከባቸው ሁለት ፒ.ዲ.ፒ.-10 ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን የተቀመጡ ቢሆኑም የሚገናኙት በአርፓኔት ብቻ ነበር። መልእክቱ ምን እንደነበር እሱ ራሱ ረስቶታል፤ ለሙከራ ያህል ብቻ የተጻፈ ስለነበር ማስታወስ አያስፈልገውም ነበር። ለሥራ ባልደረቦቹ የላከው ማስታወቂያ ግን ስለ አዲሱ አገልግሎትና ስለ @ አጠቃቀም የሚገልጽ ነበር።

የ@ ምልክት

አድራሻው የተቀባዩን ስም ከኮምፒውተሩ ስም የሚለይ ምልክት ያስፈልገው ነበር። ቶምሊንሰን የጽሕፈት መሣሪያውን ቁልፎች ተመልክቶ በሰዎች ስም ውስጥ የማይገባውን @ መረጠ። ምልክቱ ቀድሞ በነጋዴዎች ዘንድ የአንዱን ዕቃ ዋጋ ለማመልከት ያገለግል ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሲነበብም «እዚህ ቦታ ያለው» የሚል ትርጉም ስለሚሰጥ ለአድራሻ ተስማማ። ምርጫው ለሁሉም አልተመቸም፦ መልቲክስ በተባለው ሥርዓት @ ሲጻፍ የተጻፈው መስመር በሙሉ ይሰረዝ ነበር።

አገልግሎቱ በፍጥነት ተስፋፋ። በ1973 በተደረገ ጥናት ከአርፓኔት ልውውጥ ሦስት አራተኛው ኢሜይል ሆኖ ተገኝቷል።

ሌሎች ሥራዎች

ብዙም የማይነገርለት ሥራው የሦስት ዙር መጨባበጥ የሚባለው ዘዴ ነው። በኔትወርክ ላይ የዘገየ አሮጌ መልእክት እንደ አዲስ ተቆጥሮ ስህተት እንዳይፈጥር፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የመነሻ ቁጥሮቻቸውን ተለዋውጠው ያረጋግጣሉ። በቲ.ሲ.ፒ. የሚጀመር ማንኛውም የኢንተርኔት ግንኙነት ዛሬም በዚህ መንገድ ያልፋል።

ሽልማቶች

በ2009 የእጅ ስልክን ከሠራው ማርቲን ኩፐር ጋር የስፔንን የአስቱሪያስ ልዑል ሽልማት ተቀበለ፤ በ2012 በኢንተርኔት የዝና መዝገብ ውስጥ ገባ። የኒው ዮርክ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2010 የ@ ምልክትን በስብስቡ ውስጥ አካቷል፤ ምልክቱ የማንም ንብረት ስላልሆነ ግን የተከፈለበት ዋጋ የለም። ቶምሊንሰን በ74 ዓመቱ በሊንከን፣ ማሳቹሴትስ አረፈ።