ድግስ የአንድ ሰው ሸክም ያልነበረበት ዘመን

አንድ ወንድማችን ኒካሕ ለማሰር ሲነሳ ዛሬ ቀድሞ የሚያስጨንቀው መህሩ አይደለም። አዳራሹ፣ ሰንጋው፣ በሰው ቁጥር የሚያስከፍለው ምግብ አቅራቢ ነው። በዚህ ሰበብ ኒካሑን ከዓመት ዓመት የሚያሸጋግር አለ፤ ደግሶ በማግስቱ ዕዳ መቁጠር የሚጀምርም አለ። የቀደሙት ሰዎች ብዙ እንግዳ የሚያስተናግዱት እንዴት ነበር? እስኪ አብረን እንይ።

ከእስልምና በፊት የመካ ትልቁ መስተንግዶ የሐጅ ወቅት ነበር። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቅድመ አያቶች አንዱ የሆነው ቁሰይ ኢብኑ ኪላብ ቁረይሾችን ሰብስቦ ሑጃጆች የአላህ እንግዶች መሆናቸውን ነገራቸው። እያንዳንዱም በየዓመቱ ከሀብቱ እንዲያዋጣ አደረገ። በመዋጮው ሚና ላይ ምግብ ይሰናዳል፤ ስንቅ ያልያዘው ሁሉ ይበላል። ይህ ኃላፊነት ሪፋዳ ይባል ነበር። ውሃ ማቅረቡ ደግሞ ሲቃያ የሚባል ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

ሁለቱም ኋላ ለቁሰይ የልጅ ልጅ ለዐምር ደረሱ። መካ በድርቅ በተጎዳች ጊዜ ዐምር ከሻም እህል አስመጣ፤ ግመሎች አሳረደ፤ ዳቦውን በመረቁ እየፈተፈተ ሕዝቡን አበላ። ሃሺም ማለትም «ቆራሹ» የተባለው ከዚህ የተነሳ ነው ይላሉ። ምግቡ እኛ ፍትፍት የምንለው ዓይነት ነው፤ ጥቂት ሥጋ ለብዙ ሰው የሚያዳርስ።

እስልምና ሲቃያን አላፈረሰም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ኃላፊው አጎታቸው ዐባስ (ረ.ዐ) ነበሩ። የሚናን ሌሊቶች መካ አድረው ውሃውን ለማስተናገድ ፈቃድ ሲጠይቁ ተፈቀደላቸው። የአስተናጋጅ ድካም ምን ያህል ቦታ እንደተሰጠው ከዚህ እንረዳለን።

የደጋሽ ጭንቀትም አዲስ አይደለም። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ (627 እ.ኤ.አ.) የኸንደቅ ቦይ ሲቆፈር ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ የረሃብ ምልክት አዩ። ቤታቸው የነበረው አንድ ሷዕ ገብስ፣ ማለትም አራት እፍኝ ያህል፣ እና አንዲት ግልገል ብቻ ነበር። ባለቤታቸው ገብሱን ፈጭተው፣ በእንግዶች ፊት እንዳያሳፍሯቸው ጃቢርን አደራ አሏቸው። ጃቢርም ነቢዩን ከጥቂት ሰዎች ጋር እንዲመጡ በሹክሹክታ ጋበዙ። እሳቸው ግን የቦዩን ቆፋሪዎች በሙሉ ጠሩ! ድስቱ ከእሳት ሳይወርድ፣ ሊጡም ሳይጋገር እንዲጠብቃቸው አዘዙ፤ ከባለቤቲቱ ጋር የምትጋግር ሌላ ሴትም እንድትጠራ አደረጉ፤ ሰዎቹ እንዳይጋፉ ተናገሩ። ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች በልተው ሲሄዱ ድስቱ ገና ይፈላ ነበር። በረካው ከአላህ ነው፤ ረዳት መጥራትና ሥርዓት ማስያዝ ግን ከዚያም በኋላ የሰው ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ወደ ሠርጉ ስንመለስ የሶፊያ (ረ.ዐ) ወሊማ አለ። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628 እ.ኤ.አ.) ከኸይበር ሲመለሱ መንገድ ላይ ተደገሰ። ዳቦም ሥጋም አልነበረበትም። ቁርበት ተነጠፈ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያለው ያለውን እንዲያመጣ ጠየቁ። አንዱ ተምር፣ ሌላው ቅቤ፣ ሌላው የደረቀ አይብ ይዞ መጣ፤ ተደባልቆ ተበላ። የአላህ መልእክተኛ ወሊማ ይኸው ነበር።

ታዲያ እኛ ዘንድ ምን ጎደለ? ድስትና ድንኳን ከእድር ይገኛል፤ የሚያበስሉ እናቶች፣ የሚያስተናግዱ ጓደኞች አሉን። አንዱ ሩዙን፣ ሌላው ዘይቱን፣ ሦስተኛው በጉን ቢይዝ ሙሽራው ዕዳ አይገባም። የተጋባዦችን ስም ስንጽፍም የሰፈራችንን ድሆች እናስቀድም፤ ሀብታም ተጠርቶ ድሃ የቀረበት ወሊማ ክፉ ምግብ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋልና። በዚህ ዓመት ኒካሕ ያሰበ ወንድም በጀመዓችሁ ካለ፣ «መቼ ነው ድግሱ?» ከማለታችን በፊት «የኔ ድርሻ ምንድን ነው?» እንበለው።