ጥሬ ወተትና ከተማ፤ ከአዲሱ ገበያ የተነሣ ጥናት

ጥሬ ወተት በየደጁና በየሱቁ መሸጡ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው ክርክር በከተማችን ዘወትር የሚነሣ ነው። አንደኛው ወገን ወተት እንደ ታለበ ሲጠጣ ጣዕሙም ኃይሉም ሙሉ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ያልፈላ ወተት የበሽታ መንገድ ስለ ሆነ በፋብሪካ ሳያልፍ አይሸጥ ይላል። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፥ ክርክሩ በዕውቀትና ባለማወቅ መካከል ብቻ አለመሆኑንና ከሥሩ ያለው ጥያቄ «የወተቱን ንጽሕና ዋጋ ማን ይክፈል?» የሚል መሆኑን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጉለሌ የሚገኘው አዲሱ ገበያ ከከተማው ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ወደ ሱሉልታና ወደ ሰላሌ ይዘልቃል፤ እነዚህም የታወቁ የወተት አገሮች ናቸው። ስለዚህ ከተራራው ማዶ የታለበው ወተት ወደ ከተማው ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ሰፈር ነው። በዚሁ በጉለሌ ደግሞ «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙም የተወረሰው ቀድሞ ከነበረው ከፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። እንግዲህ ወተትን በሙቀት የማከም ዘዴ በስሙ የሚጠራለት የሉዊ ፓስተር ስምና ጥሬው ወተት በአንድ ክፍለ ከተማ ጎረቤታሞች ሆነው ይኖራሉ።

በቀድሞው ኑሮ ላሚቱ ከደጅ ነበረች። ጠጪው የላሚቱን ጤናና የአላቢዋን እጅ በዓይኑ ያያል። ባለሙያዋ ሴት ዕቃውን በወይራ ጢስ ታጥናለች፤ ወተቱን ታረጋለች፥ ትንጣለች፥ ከአሬራውም አይብ ታወጣለች። ይህ ወተትን ከብልሽት የሚጠብቅ እውነተኛ ዕውቀት ነው፤ ነገር ግን ጢሱም ሆነ መኮምጠጡ ጀርሞችን ያዳክማል እንጂ ሁሉንም አይገድልም። ከተማው ሲሰፋ ጠጪው የማያውቃትን ላም ወተት ይገዛ ጀመር። ክርክሩም የተወለደው ከዚህ ርቀት ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በኒውዮርክ ከተማ የአረቄ ፋብሪካ አተላ እየተቀለቡ በተጨናነቀ በረት የሚኖሩ ላሞች ወተት ሕፃናትን ይጎዳል ተብሎ በ1858 ታላቅ ጩኸት ተነሥቶ ነበር። ሊቃውንቱም ቢሆኑ ወዲያው አልተስማሙም። የነቀርሳን ጀርም በ1882 ያገኘው ሮበርት ኮኽ በ1901 ለንደን ላይ የከብት ነቀርሳ ለሰው እምብዛም አያሰጋም ብሎ ነበር፤ እንግሊዞች ያቋቋሙት ኮሚሲዮን ግን እስከ 1911 ድረስ መርምሮ ተቃራኒውን አረጋገጠ። የቺካጎ ከተማ በ1908 ያወጣችው ደንብ ለነቀርሳ ካልተመረመሩ ላሞች የተገኘ ወተት በሙቀት እንዲታከም የሚያዝ ነበር። ከ1917 ጀምሮም በአሜሪካ የታመሙ ላሞች እየተመረመሩ ሲወገዱ ለባለቤቶቹ ካሣ ይከፈል ነበር። በዚያ አገር ሕግ ብቻውን አልሠራም፤ ዋጋውን ከፊሉን መንግሥት ተሸከመ ማለት ነው።

በአገራችን የዘመናዊው ወተት ሥራ መነሻ፥ ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት የተሰጡት 300 የፍሪዢያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ናቸው። በ1960 በዩኒሴፍ እርዳታ በሾላ የሙከራ ፋብሪካ ተቋቋመ። ፋብሪካው በመጀመሪያ የትልልቅ እርሻዎችን ወተት ያዘጋጅ ነበር፤ በኋላ ከትንንሽ ገበሬዎችም መሰብሰብ ጀመረ። «ሾላ ወተት» የሚለው ስም እስከ ዛሬ በከተማው የታወቀ ነው። ሆኖም ፋብሪካዎች ቢበዙም በአገራችን ከሚሸጠው ወተት የሚበዛው አሁንም ጥሬ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ለዕለቱ የሚበቃውን ከደንበኛው ይገዛል፤ እርጎ የምታረጋውና ቅቤ የምታወጣው ሴትም የምትፈልገው ጥሬውን ነው።

ታዲያ አደጋው ምን ያህል ነው? በ2012 የታተመ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ በከተሞችና በዙሪያቸው ከመረመራቸው ወደ 3000 ከሚጠጉ የወተት ከብቶች ከመቶ 30 የሚሆኑት የነቀርሳ ምልክት አሳይተዋል። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ግን ከኢትዮጵያውያን በሽተኞች ከተገኙ 964 የነቀርሳ ናሙናዎች የከብት ዓይነት ሆነው የተገኙት 4 ብቻ ናቸው ይላል። ሁለቱን ቍጥሮች ስናስተያይ፥ በመካከላቸው ከቆሙት ነገሮች አንዱ የየቤቱ ድስት ሊሆን ይችላል ብለን እንገምታለን፤ ተረጋግጧል ግን አንልም።

እሳትም ቢሆን ወሰን አለው። በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ በሁሉም ውስጥ አገኘ፤ አውሮፓውያን ከሚፈቅዱት ልክ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። መርዙ ወደ ላሚቱ የሚገባው ከሻገተ መኖ፥ በተለይም ከኑግ ፋጉሎ ነው። ይህንን መርዝ የእናቲቱ ምድጃም ሆነ የፋብሪካው ሙቀት አያጠፋውም። ስለዚህ «የፋብሪካ ነውና ንጹሕ ነው» የሚለውም ክርክር ሙሉ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። ወተት ይፈላ የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ እኛም እንደግፈዋለን። ሽያጩን መከልከል ግን የሱሉልታን ገበሬና በአዲሱ ገበያ የምትሸጠውን ሴት እንጀራ ያሳጣል፤ የድኻውንም ልጅ ከወተት ይለያል፤ ላሚቱንና መኖዋን ግን አያድንም። እስከ ዛሬ የንጽሕናውን ዋጋ በከሰልና በድካም የከፈለችው ወተቱን የምታፈላው እናት ናት። ከእንግዲህ የላም ምርመራ፥ የመኖ ቍጥጥርና ለታመመች ላም ካሣ የመንግሥትና የትልልቆቹ ፋብሪካዎች ድርሻ ሊሆን ይገባል። በእንስሳት ሕክምናና በሕግ ትምህርት ያሉ ጓደኞቻችን ጉዳዩን ከዚህ ላይ ተቀብለው እንዲቀጥሉት እንለምናለን።