ተማሪው መምህሩ ያየውን እስኪያይ

የዓይን ሐኪም ሥልጠና በተነሣ ቁጥር ውይይቱ የሚያተኩረው በመምህራን ቁጥር፣ በአልጋ ብዛትና በትምህርቱ ዘመን ርዝመት ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ለመሐንዲሶች መጽሔት የተዘጋጀ እንደ መሆኑ መጠን ጉዳዩን በሌላ በኩል፣ ይኸውም በመሣሪያው በኩል ይመለከተዋል። የዓይን ሕክምና ትምህርት ታሪክ በአብዛኛው መምህሩ የሚያየውን ነገር ተማሪውም እንዲያይ ለማድረግ የተደከመበት ታሪክ ነውና። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዓይን ሕክምና ከጠቅላላው ቀዶ ሕክምና ተለይቶ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መሰጠት ከጀመረባቸው ከተሞች ቀደምቷ ቪዬና ናት። ጌኦርግ ዮሴፍ ቤር በ1812 በከተማይቱ አጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ የማስተማሪያ የዓይን ክሊኒክ ይዞ ሥራ ጀመረ፤ በ1818ም ፕሮፌሰር ሆነ። ከዚያ በፊት የዓይን ሞራ ከሚገፉት ብዙዎቹ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞሩ፣ ያሰሩት ፋሻ ሳይፈታ ከአገር የሚወጡ ሰዎች ነበሩ። ቤር ተማሪዎቹን ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ አቆማቸው። ይሁን እንጂ ሊያሳያቸው የቻለው ከብሌኑ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ከብሌኑ ወዲያ ያለው ለመምህሩም ለተማሪውም እኩል ጨለማ ነበር።

ይህን ጨለማ የገፈፈው ሰው የዓይን ሐኪም አልነበረም። ሄርማን ሄልምሆልትዝ ፍላጎቱ ፊዚክስ ሆኖ ሳለ፣ መንግሥት የትምህርት ወጪ የሚችለው ለሕክምና በመሆኑ ሕክምና ያጠና ሰው ነው። በ1850 በኬኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ መምህር ሳለ፣ ዓይን አንዳንድ ጊዜ በጨለማ የሚያበራበትን ምክንያት ለተማሪዎቹ በክፍል ለማስረዳት ይዘጋጅ ነበር። ወደ ዓይን የገባ ብርሃን ተመልሶ የሚወጣው በገባበት መንገድ ወደ ምንጩ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ያን ብርሃን ለማግኘት በመንገዱ ላይ ራሱን ቢደቅን መብራቱን ይጋርዳል፤ ገለል ቢል ደግሞ ምንም አያይም። ሄልምሆልትዝ በመካከል ስስ የመስታወት ዝርግ አዘንብሎ አቆመ። መስታወቱ ከመብራቱ የመጣውን ብርሃን ከፊሉን ወደ ሕመምተኛው ዓይን ያንጸባርቃል፤ ከዓይኑ ከሚመለሰውም ከፊሉን ወደ ተመልካቹ ያሳልፋል። የመጀመሪያውን መሣሪያ የሠራው ከካርቶን፣ ከማጣበቂያ፣ ከሌንስና ለማይክሮስኮፕ ከሚያገለግል ስስ መስታወት ነው። ኦፍታልሞስኮፕ የተባለው ይህ ዕቃ በ1851 በጽሑፍ ለዓለም ተገለጸ። ለክፍል ማስረጃ ከሚደረግ ዝግጅት የተወለደ መሣሪያ አንድ የሕክምና ዘርፍ ሲያቆም ማየት ለአስተማሪዎች ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነገር ይመስለኛል።

በርሊን ውስጥ አልብሬክት ፎን ግሬፈ፣ ዩትሬክት ውስጥ ዶንደርስ መሣሪያውን ወዲያው ተቀብለው ከብዙ አገር ለመጡ ወጣት ሐኪሞች አስተማሩበት። ሆኖም ኦፍታልሞስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ለአንድ ሰው ነው። መምህሩ ካየ በኋላ መሣሪያውን ለተማሪው ይሰጣል፤ «አየኸው?» ይለዋል። ተማሪው ያየውም ያላየውም «አዎን፣ አይቻለሁ» ይላል። ያየውን ነገር ምንነት የሚያረጋግጥ ሦስተኛ ዓይን የለም። የቪዬናው ኤድዋርድ ዬገር በ1869 የዓይንን የውስጥ ግድግዳ በእጅ እየሣለ ያሳተመው የሥዕል መድበል ይህንኑ ችግር ለማቃለል የረዳ ነው። አንዱን የብራና መጽሐፍ ከበው የተማሩ የአብነት ተማሪዎች ልጆች ለሆንነው፣ በአንድ ገጽ ላይ የብዙ ዓይን መዋል ምን ማለት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

በአሜሪካ የተጨመረው የሥርዓት ነገር ነው። ቪዬናንና የጀርመን ሆስፒታሎችን አይቶ የተመለሰው ሃልስቴድ በ1889 በተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ወጣቱ ቀዶ ሐኪም እዚያው እየኖረ ኃላፊነቱ በየደረጃው የሚያድግበትን ሥልጠና አቋቋመ። በ1925 የተመሠረተው የዊልመር የዓይን ተቋም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች የምስክር ወረቀት ቦርድም በ1916 ሲቋቋም በአገሪቱ ከስፔሻሊስቶች ቦርዶች ሁሉ ቀዳሚው ነበር።

ዋናው ለውጥ ግን በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ደረሰ። የአዋቂ ሰው ዓይን ከዳር እስከ ዳር 24 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የዓይን ሞራ ሲወጣ ሳይቀደድ መቅረት ያለበት የኋላ ሽፋን ውፍረት ደግሞ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ያንሳል። በመምህሩ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ የሚቆም ተማሪ ከዚህ ምን ያያል? ከ1950ዎቹ ወዲህ እየተስፋፋ የመጣው የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ መጀመሪያ ይህን ችግር አባባሰው፤ ቀዶ ሐኪሙ በጉልህ ሲያይ አጠገቡ ያለው ጭራሽ ምንም አያይምና። መድኃኒቱ የተገኘው ከሄልምሆልትዝ አሮጌ ሐሳብ ነው። በመሣሪያው አካል ውስጥ ብርሃን ከፋይ ፕሪዝም ይገባል፤ ምስሉ በአንዳንዱ እኩል፣ በሌላው 70 ለ30 ተከፍሎ ወደ ሁለተኛ መመልከቻ ወይም ወደ ካሜራ ይሄዳል። ቀዶ ሐኪሙ ከብርሃኑ ያጣል፤ ተማሪው ግን የመምህሩን ዓይን ያገኛል።

በአገራችን በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ ምክንያቱ የዓይን ሞራ መሆኑን አመልክቷል። የዓይን ሞራ ዕውርነት በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው፤ የሚጎድለው በቂ የሠለጠነ እጅ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ለረጅም ዘመን በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሐኪሞችን ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተከትለዋል። በእነዚህ ክፍሎች እያንዳንዱ የማስተማሪያ መመልከቻ አንድ የትምህርት ቦታ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። በእንግሊዝ አገር የኮምፒዩተር መለማመጃ በተስፋፋባቸው ከ2009 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት፣ የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኞች የኋላውን ሽፋን የሚቀድዱበት መጠን ከ4.2 በመቶ ወደ 2.6 በመቶ ወርዷል። መለማመጃው ውድ ነው፤ ሁለተኛው መመልከቻ ግን በአንጻሩ ርካሽ ነው።

ይህ ጉዳይ ወደ እኛ ሙያ የሚመጣው በዚህ ነው። የመሣሪያውን ዝርዝር መግለጫ የሚጽፈው፣ ጨረታውን የሚመረምረው፣ ዕቃውን የሚረከበው መሐንዲስ ነው። እኔ ባየኋቸው የግዥ ሰነዶች ብርሃን ከፋዩ፣ ሁለተኛው መመልከቻና የካሜራው ማያያዣ የሚሰፍሩት «ተጨማሪ ዕቃ» በሚል ርእስ በመጨረሻው ገጽ ነው። በጀት ሲያጥር ቀድመው የሚሰረዙትም እነርሱ ናቸው። ለማስተማሪያ ሆስፒታል በሚገዛ ማይክሮስኮፕ ላይ እነዚህ ሦስቱ ከሌንሱና ከመብራቱ ጋር በመጀመሪያው ገጽ መጻፍ አለባቸው፤ መለዋወጫ አምፖሉም እንዲሁ።