ከመጽሐፍ ወደ ዜማ፦ የፈረንሳይ ባለቅኔዎች በ“ሻንሶን”

“ሻንሶን” በፈረንሳይኛ ዘፈን ማለት ነው። በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ግን ከአጃቢው ሙዚቃ ይልቅ ቃሉ ጎልቶ የሚሰማበትን የአዘፋፈን ስልት ያመለክታል። ነባር ግጥሞችን ከዜማ ጋር ማዋሐድ ከዚህ ስልት ዋና ዋና ዘርፎች አንዱ ነው።

በዘርፉ ሁለት ስሞች ይበልጥ ይነሣሉ። ሌዮ ፌሬ እ.ኤ.አ. በ1957 የሻርል ቦድሌርን ግጥሞች፣ በ1961 የሉዊ አራጎንን፣ በ1964 ደግሞ የቬርሌንንና የራምቦን ሥራዎች በአልበም አውጥቷል። ዦርዥ ብራሳንስ በበኩሉ ከ15ኛው ክፍለ ዘመኑ ፍራንሷ ቪዮን እስከ ቪክቶር ሁጎ ያሉ ባለቅኔዎችን በጊታር ታጅቦ አዚሟል።

ሥራው ቀላል አይደለም። የፈረንሳይ ነባር ግጥም የሚለካው በቀለም ብዛት ሲሆን፣ ታዋቂው ስንኝ 12 ቀለማት አሉት። በንግግር የማይሰማው የቃል መጨረሻ አናባቢ በግጥም ውስጥ ተነባቢ ሲከተለው ይቆጠራል። ስለዚህ ዜማ ደራሲው ለዚያ ድምፅ ኖታ መስጠት አለበት፤ ከነፈገው የስንኙ ልክ ይጎድላል።

ዜማ የግጥሙን መልእክት ሊለውጥም ይችላል። አራጎን በጀርመን ወረራ ዘመን የጻፈው “ደስተኛ ፍቅር የለም” የተሰኘ ግጥም በመጨረሻው አንጓ የአገር ፍቅርን ያነሣል። ብራሳንስ ያን አንጓ ትቶ ስለ ዘፈነው፣ ሥራው በአድማጩ ዘንድ የፍቅረኞች ኀዘን ብቻ ሆኖ ቀረ። ይኸው ድምፃዊ በዚያው ዜማ የፍራንሲስ ዣምን የጸሎት ግጥምም ተጫውቶበታል። አንድ ዜማ ሁለት የተለያዩ ስሜቶችን ሊሸከም እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ሻርል ትሬኔም እ.ኤ.አ. በ1941 የቬርሌንን “የመጸው ዘፈን” ሲያዜም “ማቁሰል” የሚለውን ግስ በ“ማባበል” ተክቶታል። የዚህ ግጥም ስንኞች በሰኔ 1944 ከለንደን በቢቢሲ ሬዲዮ ሲተላለፉ፣ የኖርማንዲው ዘመቻ መቃረቡን ለፈረንሳይ አርበኞች የሚያበሥር ምስጢራዊ ምልክት ነበሩ።

ዜማ ግጥምን መጽሐፍ ወዳልገባበት ቤት ያደርሳል። የደረሰው ግን ሁልጊዜ ሙሉው ግጥም አይደለም። ባለቅኔው ያለውን ለማወቅ የሚሻ ሰው ዘፈኑን ካደመጠ በኋላ መጽሐፉንም መግለጥ ይኖርበታል።