ዋስትና፣ በይግባኝ ጊዜ (በሕንድ ሕግ)

በይግባኝ ጊዜ የሚሰጥ ዋስትና ማለት፣ በወንጀል ተከሶ ጥፋተኛነቱ ተረጋግጦ እስራት የተፈረደበት ሰው፣ ይግባኙ በበላይ ፍርድ ቤት ተመርምሮ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥበት ድረስ፣ የቅጣቱ አፈጻጸም ታግዶለት፣ ዋስ ጠርቶ ከወኅኒ ቤት ውጭ እንዲቆይ የሚፈቀድበት ሥርዐት ነው። ከፍርድ በፊት ከሚሰጠው ዋስትና ጋራ በስም ቢመሳሰልም በመሠረቱ ይለያል፤ ገና ያልተፈረደበት ተከሳሽ ንጹሕ ነው ተብሎ ስለሚገመት ዋስትናን በዚሁ ግምት ተደግፎ ሲጠይቅ፣ ፍርደኛው ግን ያ ግምት በፍርድ ስለ ተሻረበት የሚለምነው፣ ዳኛው እንደ ነገሩ ሁኔታ ሊሰጠውም ሊነሣውም የሚቻለውን ፈቃድ ነው።

ሥርዐቱ በሕንድ አገር በእንግሊዞች ዘመነ መንግሥት በወጣው በ1898 እ.ኤ.አ. የወንጀል ሥነ ሥርዐት ሕግ በአንቀጽ 426 ተደንግጎ ነበር፤ ከዚያም በ1973ቱ ሕግ አንቀጽ 389 ሆነ፤ አሁን ደግሞ ባራቲያ ናጋሪክ ሱራክሻ ሳንሂታ በተባለው፣ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ፣ በአንቀጽ 430 ሰፍሮ ይገኛል። የኢትዮጵያም የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ፣ በማላያ ሕግ በኩል ከዚሁ ከሕንድ ሕግ የወረሳቸው ድንጋጌዎች ስላሉት፣ ነገሩ ለአገራችን የሕግ ተማሪ ባዕድ አይደለም።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሲያግድ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስፈር ግዴታው ነው። ወንጀሉ ሞትን ወይም የዕድሜ ልክ እስራትን ወይም ከዐሥር ዓመት የማያንስ እስራትን የሚያስከትል ከሆነ፣ ዐቃቤ ሕጉ ተቃውሞውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ አስቀድሞ ዕድል ይሰጠዋል። ቅጣቱ ከሦስት ዓመት የማይበልጥና ፍርደኛው በክርክሩ ጊዜ በዋስ የቆየ እንደ ሆነ ግን፣ የፈረደበት ፍርድ ቤት ራሱ፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ይግባኙን እስኪያቀርብ ድረስ ይለቀዋል። ይግባኙ የወደቀበት ሰው በዋስትና ውጭ የቆየበት ዘመን ከእስራቱ አይቈጠርለትምና፣ ዋስትናው ቅጣቱን ያዘገየዋል እንጂ አያሳጥረውም።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በነፍስ መግደል የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደባቸውን ሰዎች ይግባኛቸው እስኪሰማ ድረስ በዋስ አለመልቀቅን ለብዙ ዘመን እንደ ልማድ ይዞት ነበር። ይህን ልማድ በ1977 እ.ኤ.አ.፣ በካሽሚራ ሲንግና በፑንጃብ መንግሥት መካከል በነበረው ክርክር፣ ዳኛ ባግዋቲ ከሥሩ መረመሩት። ልማዱ የቆመው ይግባኝ በተገቢው ጊዜ ይሰማል በሚል እምነት ላይ ነበር፤ ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ራሱ ይግባኙን ሊሰማ የሚገባው ነው ብሎ ከተቀበለ በኋላ፣ በመዝገብ ብዛት ምክንያት አምስትና ስድስት ዓመት ሳይሰማው ቢቀር፣ በመጨረሻም ሰውየው በነጻ ቢለቀቅ፣ በወኅኒ ያለፈውን ዕድሜ ማን ይመልስለታል? ስለዚህ ዳኛው፣ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን በተገቢው ጊዜ መስማት ካልቻለ፣ ዋስትናን የሚያስከለክል ብርቱ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ፍርደኛውን መልቀቅ ይገባዋል ሲሉ ፈረዱ። የመዘግየቱን ዕዳ ከእስረኛው ትከሻ አንሥቶ በዘገየው ፍርድ ቤት ላይ የሚጥል በመሆኑ፣ ፍርዱ በርትዕ የተሰጠ ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. ይኸው ፍርድ ቤት ጊዜው የተወሰነ እስራት በተፈረደበት ሰው ዘንድ እግዱ በለጋስነት እንዲታይ አዘዘ፤ በ2000 ደግሞ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ለዳኞች ነሥቶት የነበረውን ቅጣት የማገድ ሥልጣን መለሰላቸው። በ2004 ግን፣ ፍርደኛው በክርክሩ ጊዜ የዋስትናውን ግዴታ ማክበሩ ብቻውን በነፍስ መግደል ለተፈረደበት ሰው በቂ ምክንያት እንደማይሆን አስጠነቀቀ፤ የሟች ወገኖችም በፍትሕ ፊት ድርሻ አላቸውና ይህ ጥንቃቄ ሊነቀፍ አይገባውም።

ቅጣትን ማገድና የጥፋተኝነትን ውሳኔ ማገድ የተለያዩ ናቸው። የምክር ቤት አባል የነበሩት ራሁል ጋንዲ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. በሱራት ከተማ በስም ማጥፋት ሁለት ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው፣ ወዲያው ቅጣታቸው ታግዶ በዋስ ቢቆዩም፣ ውሳኔው ራሱ ባለመታገዱ ወንበራቸውን አጡ፤ የተመለሰላቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በነሐሴ መጀመሪያ ውሳኔውን ካገደ በኋላ ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ዐሥር ዓመት የታሰሩና ይግባኛቸው በቅርብ የማይሰማ የዕድሜ ልክ ፍርደኞች፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር በዋስ እንዲለቀቁ መመሪያ ሰጠ። ይህ ለብዙ እስረኞች ትልቅ እፎይታ ቢሆንም፣ የ1977ቱ ፍርድ አምስትና ስድስት ዓመትን የፍትሕ መዛባት ብሎ የፈረጀ በመሆኑ፣ ዐሥር ዓመት ከዚያ ፍርድ መንፈስ እጅግ የራቀ ነው።