ይፋት፦ ከተማው ጠፍቶ ስሙ የቀረ አገር

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ብርዱን ደጋ ላይ ጥሎ ቆላ ይገባል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት በሽንኩርቷ፣ በማሾዋና በትምባሆ እርሻዋ ትታወቃለች። የደሴ ተሳፋሪ ምሳውን በልቶ ያልፋታል። ከከተማዋ በላይ ባሉት የተራራ አፋፎች ላይ የአንድ መንግሥት ከተሞች ፍርስራሽ መኖሩን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

የከተማዋ ስም ሁለት ዘመን ያጣምራል። ሮቢት የሚለው በአጠገቧ የሚፈሰውን የሮቢን ወንዝ ያስታውሳል፤ ሮቢ በኦሮምኛ ጉማሬም ነው፣ ረቡዕም ነው። ከፊቱ የተቀጠለው ሸዋ ደግሞ ከራያው ሮቢት ይለያታል። ይህ ሸዋ የሚባል ስም በጣም የቆየ ነው። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዓረብኛ ዜና መዋዕል ውስጥ ሸዋ የአንድ እስላማዊ ሥርወ መንግሥት ስም ሆኖ ይገኛል። ያንን መንግሥት በ1285 እ.ኤ.አ. የገለበጠው የይፋቱ ዑመር ወላስማ ነው።

ይፋት ራሱ በብዙ አንደበት ተጠርቷል። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ንጉሡ በ1332 እ.ኤ.አ. ከሰብረዲን ጋር ያደረገውን ጦርነት ሲተርክ አገሩን «ኢፋት» ይለዋል። በዚያው ዘመን የነበረው የደማስቆው ጸሐፊ አል ዑመሪ «አውፋት» እያለ ጽፏል። አገሩን በዓይኑ አላየም፤ ከዘይላዕ ሰዎች ሰምቶ ግን ርዝመቱ የ15፣ ስፋቱ የ20 ቀን መንገድ መሆኑን መዝግቧል። ስለ ጫት ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱም እሱ ነው።

የይፋት ክብር ከመቶ ዓመት ብዙም አላለፈም። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ልጆች እርስ በርስ ተከፋፈሉ፤ ሐቀዲን ዋና ከተማውን ለቆ ወጣ፣ ወንድሙ ሰዕደዲንም በኋላ ዘይላዕ ላይ ተገደለ። ዘሮቻቸው አዳልን ሲያቀኑ ይፋት የክርስቲያኑ መንግሥት አውራጃ ሆነ፣ ከተሞቹም ተፈቱ።

ገዢዎቹ ቢሄዱም ስሙ ግን አልሄደም። በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሃሪስ የይፋትን ቆላ የሚገዛ፣ የጎንቾን እስር ቤት የሚጠብቅ ወላስማ ሙሐመድ የሚባል ሹም አግኝቷል። በ1841 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል ላይም ሣህለ ሥላሴ የሸዋና የይፋት ንጉሥ ተብሏል። የአርጎባ ሕዝብም እስከ ዛሬ በዚያው አፋፍ ላይ ይኖራሉ።

ይህን ከጣሊያን ጋር ማስተያየት ያስተምራል። ኮርኔቶ የተባለችው ከተማ አጠገቧ ያለውን የኤትሩስካውያን ከተማ ስም መልሳ ታርኩዊኒያ የተባለችው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ መቃብሩ ተቆፍሮ፣ ሥዕሉ ታይቶ ስሙ ከመጽሐፍ ወጣ። እኛ ዘንድ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ስሙ በየቀኑ ሲጠራ ኖረ፤ ከተማውን ፈልጎ የሄደ ግን ለረጅም ዘመን አልነበረም።

ፍለጋው የተጀመረው በቅርቡ ነው። በፍራንሷ ዣቪየር ፎቬልና በቤርትራን ሂርሽ የተመራው ቡድን ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ኖራን፣ አስባሪንና መሳልን አጥንቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዘገባ አወጣ። ኖራ አፋፍ ላይ የተሠራች፣ ቤቶቿ በድንጋይ የተገነቡ፣ መስጊድም ያላት ከተማ ናት። የእነዚህን መስጊዶች ፍርስራሽ የሚያይ ሰው በመጀመሪያ ሚህራቡን ይፈልግ፤ ያለው በሰሜኑ ግድግዳ ነው። መካ ከይፋት ቀጥ ብላ በስተሰሜን ናትና ግድግዳው ራሱ አቅጣጫ ያሳያል።

ትልቁ ማስረጃ ከመቃብር ተገኘ። በሪ ኢፋት በሚባለው ቦታ የተገኙት የዓረብኛ የመቃብር ጽሑፎች የወላስማ ቤተ ሰብ የተቀበረበት መሆኑን አሳዩ። በዚህም ተመራማሪዎቹ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህ ቦታ ጥንታዊው አውፋት ነው ብለዋል። ልብ በሉ፦ ባላገሩ ቦታውን ሲጠራው የኖረው ያንኑ የመንግሥቱን ስም ይዞ ነው። በካርታ ያልሰፈረውን ዋና ከተማ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ያቆየው የእረኛና የገበሬ አንደበት ነው።

ስለዚህ በቀወትም ሆነ በሌላው የይፋት ወረዳ ያላችሁ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ አፋፉ ስትወስዱ ፍርስራሹን አሳይታችሁ ብቻ አትመለሱ። የየጉብታውን፣ የየምንጩንና የየመቃብሩን ስም ከአገር ሽማግሌ እየጠየቁ ይጻፉ። ድንጋዩን ቁፋሮ ያወጣዋል፤ ስም ግን ከሽማግሌው ጋር ከተቀበረ የሚያወጣው አካፋ የለም።